የመንደር ልማድና የሐኪም ቤት ልማድ

በምዕራባዊው ደቡብ ወሎ፥ በመካነ ሰላም አካባቢ፥ ሴት ምጥ ሲይዛት ጎረቤት መሰብሰቡ የቆየ ልማድ ነው፤ ክርስቲያኑ ማርያምን ይማጠናል፥ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል፤ እርስዋም ተንበርክካ፥ ሰው ደግፎአት ትወልዳለች። ይሁን እንጂ ደም ቢፈስሳት ወይም ምጡ ቢጠናባት ጎረቤት አያድናትም፤ በቃሬዛም ቢሆን ሐኪም ቤት ማድረስ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግን፥ ከዚያ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 26 ያህል ብቻ ነበሩ።

ምክንያቱን በመንገድ ርቀት ብቻ ብንፈልገው እንሳሳታለን። በሐኪም ቤት ብዙ ጊዜ ዘመድ በር ላይ ይቀራል፤ ወላዲቱም በጀርባዋ እንድትተኛ ትታዘዛለች። ይህን ሁሉ የሳይንስ ትእዛዝ አድርገን ስንቆጥረው ቆይተናል። ታሪኩ ግን ሌላ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1847 ሰሜልቫይስ የተባለው ሐኪም በቪየና እንደተረዳው፥ ከአዋላጆቹ ክፍል ይልቅ በሐኪሞቹ ክፍል ብዙ እናቶች ይሞቱ የነበረው፥ ሐኪሞቹ አስከሬን በነኩበት እጅ ስላዋለዱ ነው፤ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ መታጠብ ሲጀምሩ ሞቱ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1996 ምጥ የያዛትን ሴት ዘወትር በጀርባ ማስተኛትን ነቀፈ፤ በ2018 ደግሞ የመረጠችው ሰው አብሮአት እንዲሆን መከረ።

እንግዲህ ልማድ በመንደር ብቻ አይገኝም፤ ሐኪም ቤትም የራሱ ልማድ አለው። ሁለቱንም በአንድ ማስረጃ መመዘን ይገባናል እንላለን።