የገበያው ዘብ፦ ከመዲና እስከ ገላን



ገላን ውስጥ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጣ ወጣት ምሳ በልቶ ሆዱን ሲያመው ምን ያደርጋል? መድኃኒት ይገዛል፣ ይተኛል፣ በማግስቱ ሥራ ይገባል። ምግቡን የሸጠለትን ማንም አይጠይቀውም። ስንቶቻችን ነን እንዲህ "አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ" ብለን ዝም ያልነው? ታሪካችን ግን ዝምታን አላስተማረንም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አገኙ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ጣታቸውን እርጥበት ነካው። ነጋዴው ዝናብ መትቶት ነው አላቸው። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ሐዲሡን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አስተላልፈውታል፣ ኢማሙ ሙስሊም ዘግበውታል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ መረመሩ፣ ቀጥሎ ጠየቁ፣ ከዚያ ፈረዱ።

ዑመር (ረ.ዐ) በዘመናቸው ሺፋእ ቢንት ዐብደላህ ለተባለች ሶሐቢት ከገበያው ጉዳይ አንዳንዱን ይሰጧት እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ይህ ሥራ በኋላ "ሒስባ"፣ ሠራተኛውም "ሙሕተሲብ" ተባለ። በ450 ሂጅሪያ የሞቱት አል-ማወርዲ፣ ሙሕተሲብ በፈቃዱ መልካም ከሚያዝ ሰው በምን እንደሚለይ ሲዘረዝሩ ትልቅ ነጥብ ያነሳሉ፦ ሙሕተሲብ የተሾመው አቤቱታ እንዲቀርብለት ነው፤ ለአቤት ባዩ መልስ መስጠትም ግዴታው ነው። በሌላ በኩል ግልጽ ያልወጣውን ነገር እየሰለለ እንዳያድን ይከለክሉታል።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሻም ውስጥ የኖሩት አሽ-ሸይዘሪ ደግሞ ለሙሕተሲቦች መመሪያ ጻፉ። ሊጥ የሚያቦካው ሰው በእግሩ አይርገጥ፣ ሲያስነጥስ እንዳይረጭ አፉን ይሸፍን፣ ላቡ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩን በነጭ ጨርቅ ይሰር፣ ቀን ከሆነ ዝንብ የሚያባርር ሰው አጠገቡ ይቁም ይላል። ዛሬ ስንቱ ዳቦ ቤት ይህን ያሟላል?

ወደ አገራችን እንምጣ። በ2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ እግራቸው ያበጠ ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት መጉረፍ ጀመሩ። ከአንድ ድስት የሚበሉ ቤተሰቦች አብረው ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። ምርመራው የደረሰው የምግብ ዘይት ላይ ነው። ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ አረም ዘሩ ከቅባት እህል ጋር ሲጨመቅ መርዙ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ዓይን አይለየውም። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው ባለሥልጣን በዚያን ጊዜ የሚቆጣጠረው መድኃኒትን ነበር። ምግብና መድኃኒትን በአንድ ተቋም ሥር ያደረገው አዋጅ 661 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1112 ተተካ።

ዛሬ ፋብሪካና አስመጪን በዋናነት የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ምግብ ቤቱና ዳቦ ቤቱ ግን የክልልና የከተማ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊነት ነው። ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ከገቡ ወዲህ ብዙዎቻችን የትኛውን በር እንደምናንኳኳ ግራ ገብቶናል። በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጽሕፈት ቤት ጀምሩ፤ የባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመርም 8482 ነው።

ታዲያ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የተረፈውን ምግብ ወይም ማሸጊያውን አስቀምጡ፣ የተገዛበትን ቀንና ቦታ ጻፉ፣ አቤቱታችሁ መመዝገቡን አረጋግጡ። ሳያጣሩ የሱቅ ፎቶ ለጥፎ "መርዝ ይሸጣል" ማለት ግን የሙሕተሲብ መንገድ አይደለም። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አጣሩ ብሎናል፤ የንጹሕ ነጋዴ ሪዝቅም አማና ነው።

ኃላፊዎችም ይስሙን፦ አቤት ባይን "ነገ ና" ብሎ መመለስ የነገውን በሽተኛ መጥራት ነው። እኛም ዝም ስንል ከኛ በኋላ የሚበላውን ወንድማችንን አሳልፈን እንሰጣለን። አላህ ሐላልና ንጹሕ ሲሳይ ይወፍቀን። አሚን!