የሪያዱ ፊልቢ፦ የአንድ ብርቅ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ጉዞ

ሪያድ፣ ሙረባዕ ሰፈር በሚገኘው የሳዑዲ ዓረቢያ ብሔራዊ ሙዚየም ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን የብረት ቋጥኝ አለ። ከሰማይ የወረደ ነው። ሩብ አል-ኻሊ በሚባለው የአሸዋ ባሕር መካከል፣ ወባር ከተባለ ቦታ ወድቆ ለዘመናት አሸዋ ሲመላለስበት ኖሮ በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተነሥቶ ወደ ከተማ መጣ። ቦታውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ግን ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ በግመል የደረሰ አንድ እንግሊዛዊ ነበር። አገሩ ሃሪ ሴንት ጆን ፊልቢ ይለዋል፤ ሪያድ የምታውቀው ደግሞ ሸይኽ ዐብዱላህ ፊልቢ ብላ ነው።

ፊልቢ በእንግሊዝ አገር እንኳ ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም አይደለም። እንደ ስሚዝና እንደ ጆንስ በየመንደሩ አይገኝም። የዓለም ጋዜጦች ሲያነሡት የኖሩትም ባብዛኛው በልጁ በኪም ፊልቢ ምክንያት ነው፤ ለሶቪየት ኅብረት ሲሰልል በኖረው የእንግሊዝ የስለላ ሹም። አባትየው በዚያ ታሪክ ውስጥ እንደ መግቢያ በሁለት መስመር ይታለፋል። ይህ ትልቅ በደል ነው። ስሙን ከአንድ የእንግሊዝ ጥግ አውጥቶ በበረሃ ካርታ፣ በአእዋፍ መዝገብ፣ በጥንታዊ ጽሑፎች ቁጥር ላይ የበተነው አባትየው ነው። የስርጭቱም እምብርት ለንደን ሳትሆን ሪያድ ናት።

የስሙ ሥር በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ ክፍለ ሀገር ነው። ከግሬት ያርመዝ ወደብ ብዙም ሳይርቅ ፊልቢ የሚባል መንደር አለ። አካባቢው ፍሌግ ይባላል፤ በዘጠነኛው መቶ ዘመን ዴንማርኮች በመርከብ መጥተው የሰፈሩበት ረግረግ ገብ ምድር ነው። ሄምስቢ፣ ኦርምስቢ፣ ሮልስቢ፣ ሞትቢ፣ ክሊፕስቢ እያለ በጠባብ ስፍራ ከአሥር የሚበልጥ መንደር ስሙን «ቢ» ብሎ ይጨርሳል፤ በዴንማርኮቹ ቋንቋ መንደር ማለት ነው። ፊልቢም በ1086 በድል አድራጊው ዊልያም ትእዛዝ በተጻፈው የርስት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ከመንደሩ ወጥቶ ሌላ ቦታ የሰፈረ ሰው በትውልድ ቦታው ሲጠራ ቆይቶ፣ መጠሪያው ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሆነ። ጸሐፊዎች እንደ ጆሯቸው ይጽፉ ስለነበር ስሙ ሁለት መልክ ያዘ፤ ገሚሱ በ«ኤፍ»፣ ገሚሱ እንደ ፊሊፕ በ«ፒ» እና በ«ኤች» ተጻፈ። ብርቁ ይህ ሁለተኛው ነው።

ለእኛ ነገሩ እንግዳ ነው። የኢትዮጵያዊ ስም በአባት ይደገፋል፤ ከአያት ካለፈ ይረሳል፤ ልጅ የቅድመ አያቱን መንደር በስሙ ተሸክሞ አይዞርም። ሪያድ የሚሠሩ ወገኖቻችን እንኳ የአያታቸው ስም በወረቀት ላይ እንደ ቤተሰብ ስም ሲቆጠር ያዩት ከአገር ከወጡ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ግን ስሙን ይዞት ይሄዳል፤ ሄዶ የቀረበትን ቦታ ሁሉ በእሱ መከታተል ይቻላል።

የሪያዱ ፊልቢ የተወለደው በእንግሊዝ አልነበረም። አባቱ ሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ሻይ ተካይ ስለነበር ልጁ ኤፕሪል 3 ቀን 1885 ባዱላ በተባለች ከተማ ተወለደ። በለንደን ዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ወደ ሕንድ አስተዳደር ገባ። ፑንጃብ ሳለ ዶራ ጆንስተንን ሲያገባ ሚዜው የሩቅ ዘመዱ በርናርድ ሞንትጎመሪ ነበር፤ ኋላ በኤል አላሜይን ጦርነት የገነነው ጄኔራል። የበኩር ልጁ በአምባላ ከተማ ጃንዋሪ 1 ቀን 1912 ተወለደ፤ የሕንዳውያኑን ቋንቋ ቶሎ ስለለመደ ከኪፕሊንግ ልቦለድ ገጸ ባሕርይ ተወስዶ ኪም የሚል የቤት ስም ወጣለት።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊልቢን ከሕንድ ወደ ኢራቅ፣ ከኢራቅም ወደ ሪያድ ወሰደው። እንግሊዝ የነጅድ ገዥ ኢብን ሳዑድ የቱርክ ወዳጅ በሆነው የሃኢል ገዥ በኢብን ረሺድ ላይ እንዲዘምት ትፈልግ ነበር። ፊልቢ በዑቀይር ወደብ ወርዶ ኖቬምበር 30 ቀን 1917 በጭቃ ግንብ የታጠረችው ሪያድ ገባ። ከዚያም ተመልሶ በመጣበት መሄድ ሲችል ምዕራቡን መርጦ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ጅዳ ብቅ አለ። ዓረቢያን ከባሕር እስከ ባሕር ማቋረጡ ነበር። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1920 የመሥራቾች ሜዳሊያ ሸለመው። በ1922 ባሳተመው መጽሐፍም የሪያድን ንድፍ አወጣ። የግንቡ መስመር፣ በሮቹ፣ ቤተ መንግሥቱና ገበያው የሚታዩበት ይህ ንድፍ ግንቡ ፈርሶ ከተማዋ ሚሊዮኖች ከኖሩባት በኋላም የድሮዋን ሪያድ የሚያጠኑ መሐንዲሶች የሚያነሡት ነው።

ሰውየው ከአገሩ መንግሥት ጋር መስማማት አልሆነለትም። በትራንስጆርዳን፣ በዛሬዋ ዮርዳኖስ፣ የነበረውን የእንግሊዝ መንግሥት ሥራ በ1924 ለቅቆ ጅዳ ላይ የንግድ ድርጅት ከፈተ፤ የፎርድ መኪና ወኪልም ሆነ። በ1930 መካ ላይ እስልምናን ሲቀበል ንጉሡ ኢብን ሳዑድ ዐብዱላህ አሉት። ዓረብኛ ለ«ፍ» ድምፅ አንድ ፊደል ብቻ ስላለው በእንግሊዝ ሁለት የነበረው አጻጻፍ እዚህ አንድ ሆነ፦ ፋ፣ ላም፣ ባ፣ ያ። የኖርፎኩ ስም ከዐብዱላህ ቀጥሎ ገብቶ በንጉሡ የማታ መጅሊስ ይጠራ ጀመር። ፊልቢ እዚያ ተቀምጦ ንጉሡን ፊት ለፊት ሲከራከር ብዙዎች አይተውታል። በ1933 የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ከእንግሊዞቹ ኩባንያ ጋር ሲፎካከር ፊልቢ ለአሜሪካኖቹ ተከፋይ አማካሪ ነበር። ሜይ 29 ቀን ውሉ ጅዳ ላይ ሲፈረም ነዳጁ ለአሜሪካ ሆነ። የገዛ አገሩ ይህን አልረሳችለትም።

ልቡ የነበረው ግን በሩብ አል-ኻሊ ላይ ነው። ንጉሡ ፈቃዱን ሲያዘገዩ በርትራም ቶማስ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ በ1931 ቀድሞት በረሃውን አቋረጠ። ፊልቢ በሐዘን ተቆራምዶ አልቀረም። ጃንዋሪ 1932 ከሁፉፍ ተነሥቶ፣ ከቶማስ የከበደ መንገድ መርጦ፣ በማርች ሱለይል ደረሰ። በመካከሉ ወባርን ፈለገ። ዘላኖቹ ይነግሩት የነበረው፣ የዓድ ሕዝብ ንጉሥ በኃጢአቱ ከሰማይ በወረደ እሳት የተቃጠለባት ከተማ ፍርስራሽ እዚያ እንዳለ፣ ግመል የሚያህል ብረትም እንደሚገኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ ላይ ከቦታው ሲደርስ ያየው ግንብ አልነበረም። አሸዋው ውስጥ የተቦረቦሩ ክብ ጉድጓዶች፣ በዳራቸው የቀለጠ ድንጋይ፣ ዙሪያውን የተበተነ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ጠጠር። እሳተ ገሞራ መሰለው። አብረውት የነበሩት በደዊኖች ግን ጠጠሩን እየለቀሙ ይቋጥሩ ነበር፤ በተቃጠለችው ከተማ የነበሩ የመኳንንት ሚስቶች ሉል ነው ብለው። ፊልቢ ናሙናውን ለብሪታንያ ሙዚየም ሲልክ ጉድጓዶቹ የሰማይ ብረት ሲወድቅ የተፈጠሩ፣ «ሉሉም» በግጭቱ ግለት የቀለጠ አሸዋ መሆኑ ታወቀ። ትልቁን ብረት እሱ አላገኘውም። ሪያድ ሙዚየም ያለው ያ ነው።

ስሙ ወደ እንስሳት መዝገብ የገባው በዚሁ ዘመን ነው። ፊልቢ ወፍና እንሽላሊት እያጠመደ ወደ ለንደን ይልክ ስለነበር፣ በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲና በየመን ደጋ የምትኖረው ጉሮሮዋ የጠቆረ ቆቅ «አሌክቶሪስ ፊልቢ» ተባለች፤ አንድ የእንሽላሊት ወገንም በስሙ ተጠራ። ለሚስቱም አስቦላታል፤ የዓረቢያ ግንደ ቆርቁር የሳይንስ ስሟ ዶራ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጠባዩ አንድ ነገር ሳይነገር ቢታለፍ ታሪኩ ይጎድላል። ፊልቢ ግትር ነበር። በ1939 ሊጀመር የተቃረበውን ሁለተኛ የዓለም ጦርነት ተቃውሞ ለእንግሊዝ ምክር ቤት ተወዳደረና ክፉኛ ተሸነፈ፤ በ1940 ሕንድ ላይ ተይዞ እንግሊዝ አገር ወራት ታሰረ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ሪያድ ተመለሰ። ንጉሡ ቤትና ሚስት ሰጡት፤ ሪያድም የፊልቢ ልጆች የሚወለዱባት ከተማ ሆነች። የኖርፎክ መንደር ስም ከነጅድ ምድር ወራሽ አገኘ። ንጉሡ በ1953 ሲያርፉ ፊልቢ የአዲሱን ቤተ መንግሥት ብክነት በአደባባይ ነቀፈ፣ በ1955ም ተባረረ። በሚቀጥለው ዓመት ተፈቅዶለት ወደ ሪያድ ተመለሰ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1960 ቤይሩት ውስጥ ሲሞት በሙስሊሞች መቃብር ያስቀበረው ኪም ነበር።

የስሙ ሌላው ጉዞ ከዚያች ከተማ ይቀጥላል። ኪም በጃንዋሪ 1963 ከቤይሩት ጠፍቶ ሞስኮ ብቅ አለ፤ በ1988 እዚያው አረፈ። በ1990 ሶቪየት ኅብረት በምስሉ ቴምብር አተመች፣ በ2018ም በሞስኮ አንድ አደባባይ በስሙ ተሰየመ። የልጅ ልጁ ሻርሎት ፊልቢ የታወቀች ጋዜጠኛና ልቦለድ ጸሐፊ ናት። በ«ኤፍ» የሚጽፉት ፊልቢዎች ግን በሌላ ወገን ይገኛሉ። ፒ. ዊልያም ፊልቢ የሚባለው በጦርነቱ ጊዜ ብሌችሊ ፓርክ የጠላትን ምስጢር ሲፈታ ከቆየ በኋላ አሜሪካ ገብቶ በሜሪላንድ የቤተ መጻሕፍት ሰው ሆነ። በ1981 መታተም የጀመረውን፣ ወደ አሜሪካ በመርከብ የገቡ ስደተኞችን ስም የያዘውን ግዙፍ ማውጫ ያዘጋጀ እሱ ነው። የሰው ስም ከየት ተነሥቶ የት እንደ ወደቀ የሚፈልጉ ሁሉ ዛሬም ያገላብጡታል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የሽማግሌው ፊልቢ የመጨረሻ ትልቅ ጉዞ ነው። በ1951 መጨረሻ፣ ስልሳ ስድስት ዓመቱን ይዞ፣ ከቤልጂጉ የሉቫን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ከጎንዛግ ሪክማንስ፣ ከወንድሙ ልጅ ከዣክ ሪክማንስና ከሻምበል ፊሊፕ ሊፐንስ ጋር ከጅዳ ተነሥቶ ደቡብ ምዕራቡን ዞረ። በመኪና እየሄዱ፣ ድንጋይ ላይ ያለውን ሁሉ በእጅ እየገለበጡ፣ 12,000 የሚያህል ጽሑፍ ሰብስበው በ1952 መጀመሪያ ጨረሱ። ከጽሑፎቹ ውስጥ ሳሙዳዊ በሚባለው የጥንት ፊደል የተጻፉት በ1956 ሲታተሙ ርእሱም የፊልቢ ስም ነበረበት። ዛሬ ጥንታዊውን ዓረቢያ የሚያጠና ሊቅ «ፒኤች» ብሎ ቁጥር ሲጽፍ ያ የኖርፎክ ስም አጥሮ መቅረቱ ነው።

በናጅራን አጠገብ በቢር ሂማ፣ በየመን የነበረው የሂምየር መንግሥት ንጉሥ የዩሱፍ አስአር ጦር አዛዥ በ523 ያስቀረጸውን ጽሑፍ አገኙ። ሐበሾችን በዘፋር መግደሉን፣ የናጅራንን መንገድ መዝጋቱን ያወራል። ንጉሥ ካሌብ ከአክሱም ባሕር ተሻግሮ የዘመተበት ምክንያት ድንጋዩ ላይ በጠላት እጅ ተጽፎ ነበር። ሂማ በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከዚያም ሙረይጋን በምትባል የውኃ ጉድጓድ አጠገብ የአብርሃ ጽሑፍ ተገኘ። አብርሃ ካሌብ ካቆመው ገዥ በኋላ በየመን የነገሠው ሐበሻ ነው። ጽሑፉ በአል-ረሕማንና በመሲሑ ኃይል ይጀምራል፤ ንጉሡ በመዐድ ነገዶች ላይ መዝመቱን፣ ሐለባን ላይ መግጠሙን፣ የሒራው ንጉሥ ልጅ መያዣ ሰጥቶ መታረቁን ይዘረዝራል። ዓመቱን በሂምየር አቆጣጠር 662 ይላል፤ በ552 መሆኑ ነው። ሐለባን ከሪያድ በደቡብ ምዕራብ የምትገኝ ቦታ ናት። የሐበሻ ንጉሥ ጦር ከየመን ተነሥቶ እስከ ነጅድ ዳር መድረሱን ለዓለም ያበሰረው ይህ ድንጋይ ነው። ሪክማንስ በ1953 ሲያሳትመው በስሙ መለያ «አርዋይ 506» ተባለ፤ ያለ ፊልቢ መንገድ መሪነትና ከንጉሡ ባገኘው ፈቃድ ግን ሊቃውንቱ እዚያ አይደርሱም ነበር።

በሙረይጋን የአብርሃ ነገር በዚያ አላበቃም። በ2012 ክርስቲያን ሮባንና ሳሊም ጠይራን ከዚያው ቦታ የተገኘ ሌላ የአብርሃ ጽሑፍ አሳትመዋል፤ ከሱ ሥር የገቡትን ነገዶችና አገሮች ሲቆጥር ያስሪብን፣ የዛሬዋን መዲና፣ ጭምር ይጠራል።