ክትባት ላልያዘለት ሰው አጥሩ ቤተሰቡ ነው

በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን ፈንጣጣን በወሬ ብቻ ሳይሆን በዓይናቸው አይተውታል። የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት ጎረቤት ወይም ዘመድ የማያስታውስ ሽማግሌ ጥቂት ነው። ይህ በሽታ ከኢትዮጵያ እንዴት እንደ ጠፋ ማወቅ ዛሬ እዚህ በእስራኤል በየቤታችን ላሉ ሕመምተኞችም ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ የማጥፋቱ ዘመቻ በዓለም የጤና ድርጅት እርዳታ የተጀመረው በ1971 ነበር። አገሩ ሰፊ፣ መንገዱም ጥቂት ስለ ነበረ ሕዝቡን አንድ ሳያስቀሩ መከተብ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ብዙውን ቦታ በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ በመጀመሪያ በሽተኛውን ይፈልጋሉ፤ ካገኙት በኋላ ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱንና ወደ እርሱ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ይከትባሉ። በሽታው የሚሻገርበት ሰው ሲያጣ እዚያው ይቀራል። በዚህ ዓይነት የመጨረሻው ሕመምተኛ በኢትዮጵያ በ1976 በኦጋዴን ተገኘ፤ በ1980 ደግሞ ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። እንግዲህ ያ ዘመቻ በበሽተኛው ዙሪያ በሰው አጥር የማጠር ሥራ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ዘመን ወዲህ አጥር የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ሕመምተኛ በዝቷል። ከሰው ወደ ሰው የተተከለ ኩላሊት ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የሠራው በ1954 በአሜሪካ ከተማ በቦስተን ነው። ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትያዎች ስለ ነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አልቆጠረውም። መንትያ የሌለው ሰው ግን የሰውነቱን የመከላከል ኃይል የሚያደክም መድኃኒት መውሰድ አለበት፤ ያለዚያ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት ይዋጋዋል። እንዲህ ያለው መድኃኒት በ1960ዎቹና በ1980ዎቹ እየተሻሻለ ሲሄድ የብዙ ሰው ሕይወት ተረፈ። ይሁን እንጂ ኩላሊቱን የሚጠብቀው ያው መድኃኒት ሰውየውን ለቫይረስ ያጋልጠዋል። አንዳንድ የነቀርሳ ሕክምናም እንደዚሁ ያደርጋል።

ኮሮና ሲመጣ ይህ በግልጽ ታየ። በእስራኤል የኮሮና ክትባት የተጀመረው በታኅሣሥ 2020 ነው። በቴል አቪቭ የኢኺሎቭ ሆስፒታል ሐኪሞች ኩላሊት የተተከለላቸውን 136 ሰዎች ከሁለተኛው ክትባት በኋላ መረመሩ። በሽታውን የሚዋጋው አንቲቦዲ በደማቸው የተገኘው 51ዱ ብቻ ነበሩ፤ ለማነጻጸር ከተመረመሩት 25 ጤነኞች ግን በሁሉም ተገኘ። በዚህም የተነሣ በሐምሌ 2021 የእስራኤል የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከሌላው ሕዝብ አስቀድሞ የመከላከል ኃይላቸው ለደከመ ሰዎች ሦስተኛ ክትባት ፈቀደ። በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኤቩሼልድ የተባለ፣ አንቲቦዲውን ራሱን በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት መጣ። ነገር ግን ቫይረሱ መልኩን እየለወጠ ስለ ሄደ መድኃኒቱ ኃይሉን አጣ፤ በጥር 2023 በአሜሪካ መሰጠቱ ቆመ።

ከዚህ የምንማረው፣ የራሱ ክትባትና መድኃኒት በቂ ላልሆነለት ሰው አጥሩ አብረውት የሚኖሩት መሆናቸውን ነው። በፈንጣጣ ጊዜ አጥሩ በበሽተኛው ዙሪያ ነበር፤ አሁን የሚታጠረው ገና ላልታመመው፣ ግን ኃይሉ ለደከመው ሰው ነው። ደግሞም ፈንጣጣ በቆዳ ላይ ይታይ ነበር፤ ኮሮና ግን ምልክቱ ሳይታይ ሊተላለፍ ይችላል። ክትባቱም መተላለፉን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያግድም። ስለዚህ የዛሬው አጥር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ከቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የምሰማው ጥያቄ «የታመመ ዘመድ ሳንጠይቅ እንዴት እንቀራለን?» የሚል ነው። መጠየቅ ደግ ባህላችን ነው፤ አይቅር። ነገር ግን ሳል፣ ጉንፋን ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው በስልክ ይጠይቅ። በሽታው በሚሠራጭበት ወቅት ጤነኛውም ጥቂት ሆኖ ይምጣ፣ መስኮት ይከፈት፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። የቤቱ ሰዎች ክትባታቸውን በጊዜው ይውሰዱ። ሕመምተኛው ትኩሳት ወይም ሳል ከጀመረው በዚያው ዕለት ወደ ኩፓት ሖሊም ይደወል፤ የኮሮና መድኃኒት የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው። ኩላሊት ለተተከለለት ሰው ከሚሰጠው መድኃኒት ጋር የሚጋጭ ስላለም ሐኪም ሳያውቅ አይወሰድ።

ከሁሉ በላይ ግን ሕመሙ ከቤት ሰው አይደበቅ። ብዙዎች ኩላሊት እንደ ተተከለላቸው ወይም የነቀርሳ ሕክምና ላይ እንዳሉ ለልጆቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ይቆያሉ። የፈንጣጣ ሠራተኞች አጥሩን ሊያጥሩ የቻሉት በሽተኛው የት እንዳለ የሚነግራቸው ሰው ስለ ነበረ ነው። ማንን እንደሚጠብቅ ያላወቀ ቤተሰብ ሊጠብቀው አይችልም።