ከዓባይ እስከ ዓባይ፦ የአያት ቆጠራችን ነገር

የጎጃም ሰው አያቱን ይቆጥር የነበረው ለኩራት ብቻ አልነበረም፤ ለመሬትም ጭምር ነበር። በርስት ሥርዓት ከአቅኚው አባት መወለዱን በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል ቆጥሮ ያስረዳ ሁሉ ድርሻውን የመጠየቅ መብት ነበረው። ስለዚህ አያት በበዛ ቁጥር ተስፋውም ይበዛ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ለአብነት ያህል የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ሐረግ እንመልከት። ደጃዝማች ጎሹ በኅዳር ወር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ፣ ኋላ አጼ ቴዎድሮስ ከተባሉት ከደጃዝማች ካሣ ጋር ተዋግተው የወደቁ የጎጃም መስፍን ናቸው። በእናታቸው በኩል ከራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ ይወለዳሉ። የራስ ኃይሉ እናት ደግሞ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ የሞጣ ጊዮርጊስ መሥራች ወለተ እስራኤል ናቸው። ጎጃምንና ቤጌምድርን ያገናኝ የነበረውና በጣሊያን ወረራ ዘመን የፈረሰው ሰባራ ድልድይ ከዚችው ከሞጣ ብዙም አይርቅም። የጎሹ የልጅ ልጅ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ። እንግዲህ ከዚህ ቆጠራ ሴቶቹን ብናወጣ የጎጃሙ ንጉሥ ከጎንደር ቤተ መንግሥት ጋር ያላቸው ዝምድና ወዲያው ይቆረጣል።

የጎጃምን ትውልድ ሰብስበው የጻፉትስ ማን ናቸው? አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። ከዓባይ በስተደቡብ ከኦሮሞ ወላጆች ተወልደው፣ በልጅነታቸው ተማርከው ጎጃም ያደጉ ሊቅና ሠዓሊ ነበሩ። ከገዛ ወላጆቻቸው የተነጠቁት ሰው የሌላውን አያት ሲቆጥሩ ኖሩ። ድካማቸው በ2003 ዓ.ም. «የጎጃም ትውልድ በሙሉ» በሚል ርእስ ታትሞ ለንባብ በቅቷል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ። ማለቂያ ያልነበረውን የወንድማማች ሙግት የሚያውቅ ሰው ርስት እንዲመለስ አይመኝም። ነገር ግን ቆጠራው ከመሬት ሲለያይ ከፖለቲካ ጋር ተጋባ። ባለርስቱ ብዙ አያት ይፈልግ ነበር፤ የዛሬው ቆጣሪ ግን አንድ ብቻ ይበቃዋል፤ ሌሎቹን ይደብቃል።

የ19ኛው መቶ ዓመት አያቱን ማወቅ የሚሻ ሰው ከእናቱ ወገን ይጀምር፤ እንደ ሞጣ ጊዮርጊስ ባሉ አድባራት መጻሕፍት ላይ የሰፈረውን የመሬት ሽያጭና የምስክሮች ስም ያስነብብ። የሚያገኘው አንድ ዘር ሳይሆን ብዙ ዘመድ ነው። ዘመዱን የቆጠረ ሰው ደግሞ ጎረቤቱን ባዳ ለማለት ይቸገራል።