መቅዳትና ማጋራት (ዝግመተ ለውጥ)

መቅዳትና ማጋራት በዝግመተ ለውጥ ጥናት መረጃ ከአንድ ተሸካሚ ወደ ሌላው እየተባዛ የሚተላለፍበት ሂደት ነው። መረጃው በዘረመል የተያዘ ሊሆን ይችላል፤ ከጎረቤት ታይቶ የተወሰደ የእርሻ ዘዴም ሊሆን ይችላል። ሂደቱ ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ መረጃው ይባዛል፣ ሲባዛ ጥቂት ልዩነት ይገባበታል፣ ከልዩነቶቹም አንዳንዶቹ ከሌሎቹ ይበልጥ ይሰራጫሉ።

በአማርኛ «ቀዳ» የሚለው ቃል ጠላን ከጋን መቅዳትንም ጽሑፍን መገልበጥንም ይገልጻል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ጠላ ሲቀዳ ጋኑ ይጎድላል፤ መረጃ ሲቀዳ የሰጪው አይጎድልም።

ሪቻርድ ዳውኪንስ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ይህን አስተሳሰብ ከዘረመል አውጥቶ ወደ ባህል ወሰደው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚቀዳውን የባህል ቅንጣትም «ሚም» ብሎ ሰየመው። ተቺዎቹ ሐሳብ እንደ ዘረመል በቀጥታ አይገለበጥም፣ ተማሪው በራሱ አእምሮ እንደገና ይሠራዋል ይላሉ። ትችቱ ክብደት አለው። ሁለቱ የመቅዳት ዓይነቶች አብረው የሚታዩበት ጥሩ ምሳሌ የእህል ዘር ነው።

የስንዴ ዘር በአርሲ

ስንዴ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ ገበሬው ከምርቱ ቀንሶ ያስቀመጠው ዘር በሚቀጥለው ዓመት እናቱን የሚመስል ሰብል ይሰጣል። ድቅል በቆሎ እንዲህ አይደለም፤ የድቅሉ ምርት ተመልሶ ሲዘራ ጥራቱ ይወርዳል። በኢትዮጵያ አብዛኛው የስንዴ ዘር ከገበሬ ወደ ገበሬ የሚተላለፈው ለዚህም ነው፦ ከራስ ጎተራ፣ በልዋጭ፣ ከዘመድ በብድር፣ ወይም እንደ አርቦዬ ባለ የወረዳ ከተማ ገበያ በግዥ። ከዘሩ ጋር ወሬው አብሮ ይሄዳል፦ መቼ ይዘራል፣ ዱቄቱ ለዳቦ እንዴት ነው፣ ገለባው ለከብት ይሆናል ወይ። ዘሩ ሳይለወጥ ስሙ በየመንደሩ ሊለወጥ ይችላል።

አሰላን ማዕከል ያደረገው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህን ልማድ ተጠቅሞበታል። አርአያ ገበሬዎች ይመረጡና ሌሎች የእነሱን ማሳ አይተው የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ እንዲጠቀሙ ይደረግ ነበር። ዘዴው ሠርቷል። ነገር ግን ትርፉን ያዩት ባለመሬቶችም ነበሩ፤ በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተፈናቀሉ። ጭሰኝነት የቀረው እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

የዋግ በሽታ

ከስንዴው ጋር አብሮ የሚባዛ ሌላ ፍጡር አለ፤ ዋግ። ዋግ ፈንገስ ሲሆን በስንዴ ላይ ያለ ፆታዊ መዳቀል ራሱን ይቀዳል። አዲስ ትውልድ በሁለት ሳምንት ገደማ ይደርሳል፤ ዘሩን የሚያጋራለትም ነፋስ ነው። በዚህ ሁሉ ቅጂ ውስጥ አንዱ ተለውጦ የስንዴውን መከላከያ ካለፈ፣ ያንኑ ዝርያ በዘራ ማሳ ሁሉ ያልፋል።

በአርሲና በባሌ የሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. የተለቀቀው «ኩብሳ» ምርታማ ስለነበር በሰፊው ተዘራ፤ በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ቢጫ ዋግ ጎዳው። ገበሬዎች ከአሰላ አቅራቢያ የሚገኘው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2005 (እ.ኤ.አ.) ወዳወጣው «ዲገሉ» ዞሩ። ዲገሉ ቢጫ ዋግንም፣ በኡጋንዳ የተገኘውንና «ዩጂ 99» የተባለውን አስፈሪ የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር። የተቋቋመው ግን እነዚያን ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከዩጂ 99 ወገን ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ ተነሥቶ ዲገሉን አጠቃ።

ጥፋቱ የመቅዳት አይመስልም፤ ሁሉም አንድ ነገር ብቻ በመቅዳቱ ነው። ገበሬው ደግሞ ስህተት አልሠራም። ጎረቤቱ ጥሩ ያመረተበትን ዘር መውሰዱ ለእያንዳንዱ ቤት ትክክለኛ ምርጫ ነበር፤ የሁሉም ምርጫ ሲደመር ግን አገሩ አንድ ማሳ ሆነ። የተለያየ ቅጂ በአካባቢው ቢኖር ዋጉ በየድንበሩ ይቀንስ ነበር። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲጎበኝ የደነቀው በዚህ ልዩነት ብዛት ነበር። በ1976 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክም የአገር በቀል ዘሮችን ናሙና በቅዝቃዜ ያስቀምጣል። ሆኖም በማቀዝቀዣ የተኛ ዘር በየዓመቱ ከሚለወጠው ዋግ ጋር አይገናኝም፤ በማሳ ላይ ያለው ይገናኛል።

ዘርን መቅዳት የማን መብት ነው የሚለው ጥያቄ በሕግም ተነሥቷል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 481 ለአዳቃዩ ጥበቃ ሲሰጥ፣ ገበሬው ከተጠበቀ ዝርያ ያገኘውን ዘር የማስቀመጥና የመለዋወጥ መብቱን አውቆለት ነበር፤ የተረጋገጠ ዘር ብሎ መሸጥ ግን አይችልም ነበር።