ሥራው የልጁ እንዲሆን፦ የተማሪዎች አኒሜሽን ውድድር ታሪካዊ አመጣጥ

የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በገዛ እጃቸው የሠሩትን አኒሜሽን ይዘው ለውድድር የሚቀርቡበት ልማድ የኮምፒውተር ዘመን ውጤት ቢመስልም፣ ሥሩ ከዚያ በፊት ወደነበሩት አሥርት ዓመታት ይዘልቃል። ልማዱ እንዲጸና ሁለት ነገሮች መገናኘት ነበረባቸው፤ አንደኛው አንድ ልጅ ከታሪኩ ሐሳብ እስከ መጨረሻው ምስል ድረስ ያለውን ሥራ ራሱ ሊወጣው የሚያስችለው ርካሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የልጅ ሥራ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ በአደባባይ ሊታይና ሊመዘን ይገባዋል የሚለው የመምህራን እምነት ነው።

አኒሜሽን በጥቂት በጥቂቱ የሚለያዩ ምስሎችን በፍጥነት በማፈራረቅ የእንቅስቃሴ ስሜት የሚፈጥር ጥበብ ነው። ቀላሉ መልኩ ገጾቹ በአውራ ጣት ሲገለባበጡ ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ የሚመስልበት ትንሽ መጽሐፍ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ጆን ባርንስ ሊኔት እ.ኤ.አ. በ1868 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ፈረንሳዊው ኤሚል ሬኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1892 በፓሪሱ ግሬቫን ሙዚየም በእጁ የሣላቸውን ምስሎች በመጋረጃ ላይ እያንቀሳቀሰ ለሕዝብ አሳይቷል፤ ይህም ቀን ዛሬ ዓለም አቀፍ የአኒሜሽን ቀን ሆኖ ይከበራል። ጥበቡ ወደ ሲኒማ ኢንዱስትሪ ሲገባ ግን የሥራው ብዛት ልጆችን ከሠሪነት አራቃቸው። የሲኒማ ፊልም በሴኮንድ 24 ምስሎችን ስለሚያሳይ፣ እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ቢነሣ እንኳ ለአንድ ደቂቃ ብቻ 720 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ፤ ስለሆነም ስቱዲዮዎች ሥራውን ለሠዓሊው፣ ለቀለም ቀቢውና ለካሜራ ባለሙያው ከፋፍለው ሲያከናውኑ፣ ልጁ በተመልካችነት ብቻ ተወስኖ ቆየ።

ይህን ሁኔታ ከለወጡት ነገሮች አንዱ የቤት ውስጥ ካሜራ ነው። ኮዳክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1932 ባለ 8 ሚሊሜትር ፊልም፣ በ1965 ደግሞ በተዘጋጀ ካርትሪጅ ወደ ካሜራው የሚገባውንና ለአያያዝ የቀለለውን ሱፐር 8 ለገበያ አቀረበ። ከእነዚህ ካሜራዎች መካከል አንድ ምስል ብቻ አንሥተው የሚያቆሙ ስለነበሩ፣ ከወረቀት የተቆረጠን ቅርጽ ወይም ከጭቃ የተሠራን አሻንጉሊት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ፣ በየእንቅስቃሴው አንድ ምስል እያነሡ ፊልም መሥራት ተቻለ። ይህ ዘዴ በመቶ የሚቆጠሩ ሥዕሎችን የመሣል ግዴታ ስለሚያስቀር፣ በተለይ ለትንንሽ ልጆች በሩን ከፈተ።

መሣሪያውን ወደ ትምህርት ከለወጡት መካከል አሜሪካዊቷ ኢቮን አንደርሰን በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች። አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ ግዛት በሌክሲንግተን ከተማ የሎው ቦል ወርክሾፕ የተባለውን ማሠልጠኛ አቋቁማ፣ ልጆች ገጸ ባሕርያቱን ራሳቸው እንዲፈጥሩ፣ ካሜራውንም ራሳቸው እንዲይዙ አደረገች፤ ልምዷንም እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመችው መጽሐፍ ለሌሎች አካፈለች። በአውሮፓም በክሮኤሺያዋ ቻኮቬትስ ከተማ ኤዶ ሉክማን እ.ኤ.አ. በ1975 ለልጆች የአኒሜሽን ትምህርት ቤት መሠረተ።

የውድድሩ መልክ ጎልቶ የታየው ደግሞ በብሪታንያ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያቀርበው የነበረው ስክሪን ቴስት የተባለ የልጆች ፕሮግራም የወጣት ፊልም ሠሪዎች ውድድር ስለነበረው፣ በቤት ውስጥ የተሠሩ አጫጭር ፊልሞች በመላ አገሪቱ የሚታዩበት ዕድል ተፈጠረ። በፕራግ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ብሪታንያ የተሰደደው ያን ፒንካቫ እ.ኤ.አ. በ1980 የዚህ ውድድር ተሸላሚ ሲሆን፣ ከዓመታት በኋላ በፒክሳር ስቱዲዮ ያዘጋጀው የጌሪ ጨዋታ የተሰኘ አጭር ፊልም የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ይሁን እንጂ የውድድሩን ዋጋ በአንድ ታላቅ ባለሙያ መነሻነት ብቻ መለካት ፍትሐዊ አይሆንም፤ ዋናው ፍሬው ልጆች ሥራቸውን የማያውቃቸው ተመልካች እንደሚያየው አውቀው፣ ታሪኩ ይገባው እንደሆነ እንዲጨነቁና የጀመሩትን እንዲጨርሱ ማድረጉ ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ የፊልም መግዣና ማጠቢያ ወጪ ቀረ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ስክራች፣ ልጆች ትእዛዛትን የያዙ ባለቀለም ጡቦችን እየገጣጠሙ ምስልን የሚያንቀሳቅሱበት ነፃ ፕሮግራም ነው፤ በአማርኛም መጠቀም ስለሚቻል፣ አማርኛ አንባቢ ልጅ በራሱ ቋንቋ ሊሠራበት ይችላል። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2008 ለብሪታንያ ተማሪዎች የኮምፒውተር አኒሜሽን ውድድር ሲጀምር፣ የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ጭምር አካትቷል።

ከገጽ መገልበጫው መጽሐፍ እስከ ስክራች ያለው ሂደት የሚያሳየው፣ እያንዳንዱ የመሣሪያ ለውጥ ለልጁ የሚጠቅመው ሥራውን በእጁ እስካስቀረለት ድረስ መሆኑን ነው። ወላጅ ወይም መምህር ለሽልማት ጓጉቶ የተንጋደደውን መስመር ሲያቃና፣ ፊልሙ ቢያምርም ልጁ እንደገና ወደ ተመልካችነት ይመለሳል። ስለዚህ ተማሪዎችን ለውድድር የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት መሣሪያውን ማቅረብ፣ አሠራሩን ማስተማርና ጊዜ መስጠት ይጠበቅበታል፤ ታሪኩን መምረጥ፣ ገጸ ባሕርያቱን መፍጠርና እያንዳንዱን እንቅስቃሴ መወሰን ግን ለልጁ ሊተው የሚገባ ሥራ ነው።