ኑዛዜ የሚመሰክረው ትውልድ፤ የቨርጂኒያው ባለ እርሻ የጆን ዋሽንግተን የዘር ሐረግ እንዴት እንደ ተገኘ

የአንድን ሰው የትውልድ ሐረግ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቤተ ሰቡን ሽማግሌዎች ነው። ይህ መንገድ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሰባት ቤት ቆጥሮ ዘመዱን ከባዳ የሚለይ ሰው ሞልቷል። ነገር ግን ሽማግሌ የነገረን ሁሉ በጽሑፍ ማስረጃ ሲመረመር ጸንቶ ይገኛልን? ቃሉና ጽሑፉ ባይስማሙስ የትኛውን ልንከተል ይገባናል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የመረጥነው ጆን ዋሽንግተን የተባለውን ሰው ነው። እርሱም በ17ኛው መቶ ዓመት ከእንግሊዝ ወደ ቨርጂኒያ ተሻግሮ በትምባሆ እርሻ የከበረ ሲሆን፥ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ቅድመ አያት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የቤተ ሰቡን ቃል እንስማ። በ1791 ዓ.ም. ሰር አይዛክ ሔርድ የተባሉ፥ በእንግሊዝ የመኳንንት ዘርና አርማ መዝጋቢዎች አለቃ የነበሩ ሰው ስለ ትውልዱ ለፕሬዚዳንቱ ጽፈው ጠየቁ። ዋሽንግተንም በ1792 ዓ.ም. ሲመልስ፥ ሥራ ስለ በዛበት ለዚህ ነገር ብዙ አሳብ እንዳልሰጠው ገልጾ፥ ቅድመ አያቱ በ1657 ዓ.ም. ገደማ ከሰሜን እንግሊዝ አውራጃዎች ከአንዱ መምጣቱን እንደ ሰማ አስታወቀ። ከዚህ የምንረዳው፥ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ሰዎች አንዱ እንኳ ከቅድመ አያቱ በላይ ያለውን ሐረግ በእርግጥ የማያውቅ መሆኑን ነው። ዓመቱን በሚገባ ያዘ፤ አገሩን ግን ሳተ።

ሔርድ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሞከሩት በመኳንንት መዝገብ ነው። በኖርዛምፕተንሺር አውራጃ ሰልግሬቭ በተባለ ስፍራ የነበሩ የዋሽንግተን ቤተ ሰቦች በ1618 ዓ.ም. ተመዝግበው ስለ ነበር፥ ከዚያ ውስጥ ጆንና ሎሬንስ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች አገኙ። ወደ ቨርጂኒያ የተሻገሩትም ጆንና ሎሬንስ የሚባሉ ወንድማማቾች ስለ ነበሩ፥ እነዚያ እነዚህ ናቸው ብለው ደመደሙ። ይህም አሳብ ከ70 ዓመት በላይ እንደ እውነት ሲነገር ኖረ። ዳሩ ግን በ1866 ዓ.ም. ጆሴፍ ሌሙኤል ቼስተር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነገሩን ሲመረምሩት፥ የመዝገቡ ጆን የፈረሰኛ ማዕርግ የተቀበለ ሌላ ሰው፥ ሎሬንስም በኤሴክስ አውራጃ የፐርሌይ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የስም መመሳሰል ብቻ ማስረጃ እንዳይደለ ታወቀ፤ ሐረጉም ተበጠሰ።

የተበጠሰውን የቀጠለው ከመኳንንት ቤት የመጣ ሰነድ ሳይሆን የአንዲት ችግረኛ መበለት የውርስ ጉዳይ ነው። ሔንሪ ፊትዝጊልበርት ዋተርስ የተባሉ አሜሪካዊ በለንደን የኑዛዜ መዛግብትን ገጽ በገጽ ሲያገላብጡ ቈይተው በ1889 ዓ.ም. ውጤቱን አሳተሙ። በሐርትፎርድሺር አውራጃ በትሪንግ ከተማ አምፊሊስ ዋሽንግተን የተባለች ሴት ያለ ኑዛዜ ሞታ ስለ ነበር፥ ፍርድ ቤቱ ንብረቷን እንዲያጣራ ለልጇ ለጆን ዋሽንግተን ፈቃድ ሰጥቶት ነበር። የእንጀራ አባቷም የአንድሩ ኖውሊንግ ኑዛዜ ተገኘ፤ በእርሱም ውስጥ መሬቱን ለክርስትና ልጁ ለሎሬንስ ዋሽንግተን ማውረሱና ከአምፊሊስ ልጆች መካከል ጆንንና ማርታን በስም መጥራቱ ተጽፏል። የትሪንግ የጥምቀት መዝገብም ሎሬንስ በ1635 ዓ.ም. መጠመቁን ይመሰክራል። የአምፊሊስ ባል ማን ነበር ቢባል፥ ቼስተር የለዩት የፐርሌይ ቄስ ሎሬንስ ነው። ይህ ቄስ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ የንጉሡ ወገን ስለ ነበር በ1643 ዓ.ም. መጠጥ ቤት ያዘወትራል ተብሎ ተከሶ ከደብሩ ተባረረ። እንግዲህ ሔርድ ተሻጋሪ ያሉት ሎሬንስ የተሻጋሪዎቹ አባት ሆኖ ተገኘ፤ ቤተ ሰቡ አልተሳሳቱም፥ የተሳሳቱት በአንድ ትውልድ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዘመን አቈጣጠር አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። እንግሊዞች እስከ 1752 ዓ.ም. ድረስ አዲሱን ዓመት የሚጀምሩት በማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ ለጆን የተሰጠው ፈቃድ በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1655 ተብሎ ቢጻፍም፥ ዛሬ በሚሠራበት አቈጣጠር 1656 ዓ.ም. ነው። የሁለት አቈጣጠር ልዩነት ለለመደው ለእኛ አገር አንባቢ ይህ አያስቸግረውም፤ ይሁን እንጂ ብዙ የዘር ተመራማሪዎች በዚህ ምክንያት ሲሳሳቱ ታይተዋል። የጆርጅ ዋሽንግተን ልደት ራሱ በቤተ ሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተጻፈው በፌብሩዋሪ 11 ቀን፥ ዓመቱም ሁለቱ አቈጣጠሮች ተጣምረው 1731/2 ተብሎ ነው።

የእንግሊዙ ጆንና የቨርጂኒያው ጆን አንድ ሰው ለመሆናቸው ደግሞ ከውቅያኖሱ ማዶ ምስክር ያስፈልጋል። የቨርጂኒያው ጆን በ1656 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በኤድዋርድ ፕሬስኮት መርከብ ለንግድ መጥቶ በዚያው የቀረ ነው። በ1658 ዓ.ም. ናትናኤል ፖፕ የተባለ ባለ ርስት ልጁን አንን ድሮለት 700 ኤከር መሬት ሰጠው። በ1659 ዓ.ም. ፕሬስኮት በመርከቡ ላይ አንዲትን ሴት ጠንቋይ ናት አስብሎ አሰቅሏል ብሎ ጆን ከሰሰው። የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ለምስክርነት ቢጠራው ግን፥ በዚያ ቀን ልጄን ክርስትና አስነሣለሁ፥ እንግዶችም ጠርቻለሁ ብሎ ቀረ፤ ተከሳሹም በነጻ ተለቀቀ። የክስ መዝገብ የልደትን ጊዜ ሲነግረን እናያለን። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጆን በ1675 ዓ.ም. የጻፈው ኑዛዜ ነው። በእርሱም ለእኅቱ ለማርታ በእንግሊዝ ካለው ገንዘብ 10 ፓውንድ፥ ወደ ቨርጂኒያ ስትሻገር ያለባት የጕዞ ዕዳም እንዲተውላት፥ የአንድ ዓመት ቀለብና 4000 ፓውንድ ክብደት ትምባሆም እንዲሰጣት አዘዘ። በትሪንግ ጆን፥ ሎሬንስና ማርታ ነበሩ፤ በቨርጂኒያም ጆን፥ ሎሬንስና ማርታ ሆኑ። አንድ ስም ሲመሳሰል አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ በአንድ ቤት ሲገኙ ግን ማስረጃ ነው።

እስከዚህ ድረስ መዝገቡን አመስግነናል። ነገር ግን መዝገቡ ይህን ሁሉ የጠበቀው ለምንድን ነው? የሰውን ዘር ለማክበር ሳይሆን ንብረት እንዳይጠፋ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ በራሱ ኪሳራ ሰው ከባሕር ማዶ ላመጣ በእያንዳንዱ ሰው 50 ኤከር ይሰጠው ነበር። ጆንም ከኒኮላስ ስፔንሰር ጋራ በ1674 ዓ.ም. 5000 ኤከር፥ ማለት 50 ጋሻ ያህል መሬት በፖቶማክ ወንዝ ዳር አገኘ፤ የኋላው የማውንት ቨርነን ርስት ከዚህ መሬት የወጣ ነው። እንግዲህ መሬት ያለው ሰው በየኑዛዜው ስሙ ይነሣል። መሬት የሌለው፥ ይልቁንም ራሱ እንደ ንብረት የተቈጠረውስ?

በ1662 ዓ.ም. የቨርጂኒያ ምክር ቤት ልጅ ነጻ ወይም ባሪያ መሆኑ በእናቱ እንዲወሰን ደነገገ። ስለዚህ የባለ እርሻው ትውልድ በአባት ሲቈጠር የባሪያው በእናት ተቈጠረ፤ ይኸውም ለክብር ሳይሆን ለባለቤትነት ነው። ኦገስቲን ዋሽንግተን በ1743 ዓ.ም. ሲሞት የ11 ዓመቱ ልጁ ጆርጅ ከእርሻ ጋራ 10 ባሮች ወረሰ። ጆርጅም በ1799 ዓ.ም. ኑዛዜውን ሲጽፍ በማውንት ቨርነን ያሉትን ባሮች ዘረዘረ፤ ቍጥራቸው 317 ሲሆን 123ቱ የራሱ፥ 153ቱ ከሚስቱ የፊተኛ ባል ርስት የመጡ፥ የቀሩት የተከራዩ ነበሩ። ነጻ ሊያወጣ የሚችለው የራሱን ብቻ ስለ ነበር፥ እነርሱም ሚስቱ ስትሞት ነጻ እንዲወጡ ተናዘዘ፤ ወዲያው ነጻ የወጣው ዊሊያም ሊ የተባለው አገልጋዩ ብቻ ነው። ሚስቱ ማርታም የባሏን ባሮች ቀድማ በ1801 ዓ.ም. መጀመሪያ ነጻ አወጣቻቸው። በየእርሻው የተጋቡ ባልና ሚስት ግን አንዱ ነጻ ሲወጣ ሌላው በባርነት ቀረ።

በዚያ ዝርዝር ላይ አብዛኞቹ በአንድ ስም ብቻ ተጠርተዋል፤ ዕድሜያቸው፥ ሥራቸው፥ ባላቸው ወይም ሚስታቸው ግን ተጽፏል። ዛሬ የእነዚያ ሰዎች ልጅ ልጆች አያቶቻቸውን ሲፈልጉ የሚገቡት በዚሁ በር ነው፤ የራሳቸውን ወላጆች ስም ለማግኘት የጌታውን ኑዛዜ ማንበብ ግድ ይሆንባቸዋል።

በበኩላችን ከዚህ ጥናት የደረስንበት አሳብ ይህ ነው። የቤተ ሰብ ቃል መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ የመኳንንት መዝገብም ክብርን ከእውነት ሊያስቀድም ይችላል። የኑዛዜ መዝገብ የተሻለ ምስክር የሚሆነው ንብረት ተካፋዮች እርስ በርሳቸው ስለሚጠባበቁ ነው። ሆኖም ያው መዝገብ የሚናገረው ላለው ሰው ነው። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ የአንድ ባለ እርሻ ኑዛዜ በእጁ ሲገባ፥ ወራሾቹን ካነበበ በኋላ መጽሐፉን አይክደን፤ ወደ ንብረቱ ዝርዝር ይለፍ፥ ከከብቱና ከዕቃው መካከል የተጻፉትንም የሰው ስሞች አንድ በአንድ ይቍጠር።